የሰው ጊታር፣ የኔ ግራ እጅ

ግራኝ የሆነ ሙዚቀኛ መሣሪያውን እንዴት እንደሚይዝ ብዙ ጊዜ የሚወስነው የመሣሪያው ባለቤት ነው። ፍላጎቱም ሆነ የመምህሩ ምክር ከዚያ በኋላ ነው የሚመጡት። ድሬዳዋ ላይ ያደገ ግራኝ ጊታሪስት በዚህ የሚከራከረኝ አይመስለኝም።

ልጆች ሳለን ሰፈሩ በሙሉ የሚጫወተው በአንድ ጊታር ነበር። ከዚራ ውስጥ ነው። ጊታሩ ከእኛ ከፍ የሚል የአንድ ጎረምሳ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ በረድ ሲል ይዞት ይወጣል፤ ዛፍ ጥላ ስር ተሰብስበን ተራ እንጠብቃለን። ልጁ ደግ ነበር፣ ማንንም አይከለክልም። አንድ ነገር ላይ ብቻ አይደራደርም። "ተጫወቱ፣ ክሬን የሚነካ ግን እንዳይኖር፣ አቦ!" ይላል። እውነቱን ነው። ያኔ ክር ከተበጠሰ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው እስኪገኝ ይጠበቃል።

ተራዬ ሲደርስ ጊታሩን ገልብጬ ያዝኩት። ቀኝ እጄ አንገቱን ጨበጠ፣ ግራዬ ክሮቹ ላይ አረፈ። አስቤበት አይደለም፣ ሰውነቴ የሄደበት ነው። ችግሩ ግን ወዲያው መጣ። ጊታር ስድስት ክር አለው። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው ሲይዘው ወፍራሟ ክር ከላይ ትሆናለች፣ ቀጭኗ ከታች። እኔ ስይዘው ቀጭኗ ላይ ወጣች፣ ወፍራሟ ወደ መሬት ወረደች። አውራ ጣቴ ባስ ሲፈልግ ዜማ ያገኛል። ጓደኞቼ የሚያሳዩኝ ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) እኔ ጋ ሲደርስ ሌላ ነገር ይሆናል። እነሱ እጃቸውን ከላይ ወደ ታች ሲያወርዱ መጀመሪያ ወፍራሙ ድምፅ ይመጣል፣ ቀጥሎ ቀጭኑ። እኔ ሳወርድ ቀጭኑ ይቀድማል። ባሱ እንዲቀድም ከፈለግኩ ከታች ወደ ላይ መምታት አለብኝ። እንዲህ እያልኩ ሁሉንም ኮርድ ከዜሮ፣ በራሴ ጣቶች፣ እንደ አዲስ ፈለግኩ።

ግራኝ ጊታር ፊት ሲቆም ያሉት መንገዶች ጥቂት ናቸው። ለግራኝ የተሠራ ጊታር ይገዛል። ወይም የቀኙን ይገለብጥና ክሮቹን አውልቆ በተቃራኒው ይተክላል። ወይም ክሮቹን እንዳሉ ትቶ ጊታሩን ብቻ ይገለብጣል። ወይም እንደማንኛውም ሰው በቀኝ ይማራል። የመጀመሪያው ገንዘብ ይጠይቃል፣ ገንዘቡ ቢኖርም እኛ ከተማ ሱቅ ገብተህ የምታገኘው ዕቃ አይደለም። ሁለተኛው ጊታሩ የራስህ እንዲሆን ይጠይቃል። በሰው ጊታር ለሚማር ልጅ የሚቀሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው።

እኔ ሦስተኛውን ይዤ ለረጅም ጊዜ ብቻዬን የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ኋላ ላይ የኤልዛቤት ኮተንን ታሪክ አገኘሁ። እ.ኤ.አ. በ1893 አሜሪካ ውስጥ፣ ኖርዝ ካሮላይና የተወለደች ጥቁር ሴት ናት። ግራኝ ነበረች። ሙዚቃ የጀመረችው ወንድሟ ሥራ ሲሄድ ባንጆውን እያነሳች ነው። ባንጆው የወንድሟ ነው፣ እሷም እንዳለ ገልብጣ ተጫወተችበት። ከዚያ ሠርታ ባጠራቀመችው ገንዘብ የራሷን ጊታር ገዛች፤ እሱንም በዚያው በለመደችው መንገድ ያዘችው። ሌላው ሰው በአውራ ጣቱ ባስ፣ በሌሎቹ ጣቶች ዜማ ሲጫወት፣ እሷ በአውራ ጣቷ ዜማውን፣ በሌሎቹ ጣቶቿ ባሱን ተጫወተች። ይህ አመታት ዛሬ በስሟ ይጠራል። እንደ እሷ ለመምታት የሚለማመዱ ቀኝ እጅ ጊታሪስቶች አሉ። ይህን ሳነብ የተሰማኝን ደስታ እዚህ ልገልጸው አልችልም። ካገባች በኋላ ጊታሩን ለብዙ ዓመታት ትታው ነበር። በሰው ቤት ሠራተኛ ሆና ስትኖር፣ አሠሪዎቿ የሲገር ቤተሰብ ሙዚቀኞች ስለነበሩ፣ የቤቱን ጊታር አንስታ ስትጫወት ሰሟት። እ.ኤ.አ. በ1985 የግራሚ ሽልማት ስትቀበል ዕድሜዋ ከ90 አልፎ ነበር።

የብሉዙ አልበርት ኪንግም እንዲሁ ነው። ግራኝ፣ ጊታሩን ገልባጭ፣ ክሩን እንዳለ የሚተው። ጊታሪስት ድምፅ ሲጎትት ክሯን በጣቱ ይገፋታል፣ ድምፁም ከፍ ይላል። ቀኝ እጅ ተጫዋች ቀጭኗን ክር ወደ ላይ ነው የሚገፋት። አልበርት ኪንግ ቀጭኗ ከላይ ስለሆነችለት ወደ ታች፣ ወደ መዳፉ ይስባታል። እጅ ሲስብ ከሚገፋበት የበለጠ ጉልበት አለው። ለዚህም ይመስለኛል ያ ረጅምና ከባድ ጉትት የእሱ መለያ የሆነው። እኔም ትዝታ ስጫወት ወደ ታች ነው የምጎትተው። ሰርግ ላይ አብረውኝ የሚሠሩ ልጆች "ይቺን ከየት አመጣሃት?" ይሉኛል። ከሰፈር ጊታር ነው ያመጣኋት።

ጂሚ ሄንድሪክስ ሌላ ነው። ብዙ ሰው እሱንም ክሩን ሳይነካ የገለበጠ ይመስለዋል። እሱ የቀኙን ጊታር ገልብጦ ክሮቹን ግን በግራ እጅ ሥርዓት ይተክል ነበር። የሚጫወትበት ስትራቶካስተር የሚባል የኤሌክትሪክ ጊታር ላይ፣ ከብሪጁ (ክሮቹ ገላው ላይ ከሚያርፉበት) አጠገብ ያለው ፒክአፕ፣ ማለትም የክሩን ድምፅ የሚቀበለው ክፍል፣ ሰያፍ ሆኖ ነው የተገጠመው። በቀኝ ሲያዝ ቀጫጭኖቹ ክሮች ስር ያለው ጫፍ ለብሪጁ ይቀርባል፣ ስለዚህ ድምፃቸው ሹል ይሆናል። ሲገለበጥ ለብሪጁ የሚቀርበው ከወፍራሞቹ ስር ያለው ጫፍ ነው። ወፍራሞቹ ጥርት ይላሉ፣ ቀጫጭኖቹ ለስለስ። ፋብሪካው ለቀኝ እጅ ያሰበው ነገር በግራ እጅ ሲያዝ የራሱን ድምፅ ሰጠ። ግራኙ የቢትልስ ባንድ ሰው ፖል ማካርትኒ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1961 ሃምቡርግ ላይ ቫዮሊን የሚመስለውን የሆፍነር ቤዝ ጊታር የመረጠው አንዱ ምክንያት ቅርጹ ግራና ቀኙ እኩል ስለሆነ ነው። ቢገለበጥም አያስነውርም።

የኤሌክትሪክ ጊታር ገልብጦ ለሚይዝ ሰው ይህ የመልክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የድምፅ መቆጣጠሪያዎቹ ከታች መሆናቸው ቀርቶ ከላይ፣ ከክንድ ስር ይመጣሉ። ሰርግ መሐል፣ ሰው እስክስታውን ባጋለበት ሰዓት፣ ክርኔ ነክቶት ድምፁ ጭልጥ ብሎ ይጠፋል። አንገቱ ሥር ወደ ቀጫጭኖቹ ኖታዎች እጅ እንዲገባ የተቆረጠው ጎድጓዳም ከላይ ይሆናል፣ እጅ ታች በኩል በሆዱ ይታገዳል። ለመቆጣጠሪያው መላ አለው፤ በፕላስተር አሽጎ መጫወት ይቻላል። እኔ እንደዚያ ነው የማደርገው።

አሁን ወደ ቤታችን ልምጣ። ድሬዳዋም ሐረርም በግራ እጅ ገበታ ላይ አይቀረብም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በዚህ አንድ ነው። ሲኒ በግራ እጅ አይቀበሉም፣ ለሽማግሌ በግራ እጅ አያቀብሉም። አያቴ እጄን መታ እያደረገች "በቀኝህ፣ የኔ ጌታ" ትለኝ ነበር። ይህን ከልቤ እቀበላለሁ፣ ዛሬም በቀኜ ነው የምጎርሰው። ከሰው ጋር በአንድ ገበታ መብላት የራሱ ወግ አለው። ትምህርት ቤት ግን ወግ አይደለም፣ አለንጋ ነበር። እርሳስ በግራ ስይዝ ጣቶቼ ላይ ያረፈው ማስመሪያ ዛሬም ይሰማኛል። በቀኝ መጻፍ ተማርኩ፣ ጽሑፌ እስከ ዛሬ አያምርም። ልጆቹ ደግሞ "ግራኙ" ይሉኛል። ሐረር ያለችው አክስቴ ይህን ስትሰማ "ኢማም አህመድም ግራኝ ነበሩ፣ ማን ምን አላቸው?" ትል ነበር። ለአንድ ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ታዲያ ይኸው "በቀኝህ!" ያለ ማንም አስተዋይነት ወደ ሙዚቃ መሣሪያ ይሻገራል። ክራር የሚያስተምር ሰው ልጁ በግራ ሲይዝ ያለምንም ማብራሪያ አዙሮ ይሰጠዋል። እኔም ላይ ደርሷል፣ ሌሎች ላይም ሲደርስ አይቻለሁ። ለእኔ ከባዱ ነገር ይሄ ነው። ምክንያቱም ከባህላዊ መሣሪያዎቻችን ብዙዎቹ ግራኝን የሚከለክሉበት ምክንያት የላቸውም።

ማሲንቆን ውሰዱ። አንድ ክር ናት። ሣጥኑ አራት ማዕዘን ሆኖ በማዕዘኑ የቆመ ነው፣ ግራና ቀኙ አንድ ነው። ደጋኑን በግራ፣ አንገቱን በቀኝ መያዝ ብቻ ነው። የሚነቀል ክር የለ፣ የሚሠራ ነገር የለ። ግራኝ ተማሪ ከመምህሩ ፊት ለፊት ሲቀመጥ ደግሞ የመምህሩን እጅ በመስታወት እንደሚያይ ሆኖ ነው የሚያየው፣ መከተል ይቀለዋል። ዋሽንትም በየትኛውም በኩል ይያዛል።

ክራር ትንሽ ሥራ አለው። ብዙ ጊዜ ስድስት ክር ነው፣ አምስትም አለ። ቀኝ እጅ ፊት ለፊት ይመታል፤ የግራ እጅ ጣቶች ከኋላ ሆነው ክሮቹን ያፍናሉ፣ ድምፅ ማውጣት ያለባት ክር ላይ ያለው ጣት ይነሳል። በዚህ አያያዝ ጣት ሁሉ የየራሱ ክር አለው። ግራኝ ልጅ ክራሩን ሲያዞር የክሮቹ ተራ ይገለበጥበታል። ግን የክራር ክር ማዛወር ምን ያህል ይፈጃል? ቀንበሩ ላይ ያሉትን መቃኛዎች ፈትቶ፣ ክሮቹን በተቃራኒ ተራ አስሮ፣ ትዝታም ይሁን ባቲ መልሶ መቃኘት ነው። አንድ ምሽት አይፈጅም። ገበቴው ውስጥ ለአንድ ወገን ታስቦ የተሠራ ነገር የለም። ጊታር ላይ እንደዚያ አይደለም። ብዙ የአኮስቲክ ጊታሮች ከፊት እንጨታቸው ስር የተለጠፉ ማጠናከሪያዎች አሏቸው፣ ግራና ቀኛቸውም እኩል አይደለም። ብሪጁ ላይ ያለችው ነጭ ዘንግ ቃናው እንዲስተካከል ሰያፍ ሆና ነው የምትገባው። ክራር ይህ ሁሉ የለበትም። ስለዚህ ግራኝ ልጅ ክራር ይዞ ሲመጣ እጁን ከማዞር ክሩን ማዞር ይቀላል።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን በገና ነው። አሥር ክር ያለው፣ የዳዊት መሣሪያ የሚባለው፣ በዐቢይ ጾም የምንሰማው በገና፣ በጣት ሲደረደር የሚደረደረው በግራ እጅ ነው። መሣሪያው ከደርዳሪው ግራ ጎን ይቆማል። ግራ እጅ ክሮቹ ላይ ይሠራል፣ ቀኝ እጅ ምሰሶውን ይይዛል። ዓለሙ አጋ ሲደረድሩ የሚታዩበትን ማንኛውንም ምስል ተመልከቱ፣ ግልጽ ነው። በግራ እጅ ሲኒ የማይቀበል ሕዝብ ለጸሎት ያዘጋጀው መሣሪያ በግራ እጅ ጣቶች ይናገራል። ይህን ያስተዋልኩ ጊዜ ለአያቴ ነገርኳት። ዝም ብላ ቆየችና "እግዜር ሁለቱንም ነው የፈጠረው" አለች። ከዚያ በኋላ ስለ ጊታሬ ምንም ብላኝ አታውቅም።

በገና ግን የኔንም ክርክር በከፊል ያፈርሳል፣ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ብዙዎቹ በገና ደርዳሪዎች ቀኝ እጅ ናቸው። ያም ሆኖ በግራ ጣቶቻቸው መደርደር ተምረዋል፣ ማንም ስለ ችግሩ ሲያወራ አልሰማሁም። እጅ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በወግ ከተማረ ሌላኛውም መንገድ ይገባዋል ማለት ነው። ማርክ ኖፕፍለርና ጋሪ ሙር ሁለቱም ግራኞች ሆነው እንደ ቀኝ ሰው የተጫወቱ ትልልቅ ጊታሪስቶች ናቸው። በእነሱ አያያዝ ፍሬቱ ላይ፣ ማለትም አንገቱ ላይ ባሉት የብረት መስመሮች፣ የሚሮጠው ጠንካራው ግራ እጃቸው ነው። "ግራኝ እኮ በቀኝ ጊታር ዕድለኛ ነው" የሚሉ አሉ። ለዜማ ተጫዋች እውነት ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ሪትም ሰው ነኝ። ለእኔ ሙዚቃ የሚጀምረው ክሩን ከሚመታው እጅ ነው፣ ችክችካ የሚባለው ምታችን ደግሞ እጁ ከልቡ ካልሆነ ይንገዳገዳል። ይህን ሥራ ለደካማው እጄ መስጠት አልፈልግም።

ከበሮ መቺዎች የራሳቸው ጣጣ አለባቸው። አብሮኝ ሰርግ የሚሠራ ግራኝ ድራመር አለ። እኛ ጋ መድረክ ላይ ብዙ ጊዜ አንድ ድራም ነው ያለው፣ ሁሉም ባንድ በየተራው ይቀመጥበታል። በሁለት ባንድ መሐል ሃይሃቱን (በእግር የሚከፈትና የሚዘጋውን ጥንድ ሳህን) ከግራ ወደ ቀኝ፣ ቶሞቹን (ሌሎቹን ከበሮዎች) ወዲህና ወዲያ የሚያዞርበት ጊዜ የለም። ሙሽሮቹ እየጠበቁ ነው። ስለዚህ ድራሙን እንዳለ ትቶ በግራ እጁ ሃይሃቱን ይመታል። ቀኝ እጅ ድራመሮች ሃይሃቱን ለማግኘት እጃቸውን ያጠላልፋሉ፣ እሱ ግን ክፍት ነው፣ ሁለቱም እጆቹ የየራሳቸው ቦታ አላቸው። የቢትልሱ ሪንጎ ስታርም ግራኝ ሆኖ በቀኝ ድራም ነው የተጫወተው። ቶሞቹን ሲዞር በግራ እጁ ስለሚጀምር ሌላ ሰው ለመቅዳት የሚቸገርበት አካሄድ አለው። የእኛም ልጅ እንደዚያው የራሱ አካሄድ አለው፣ ስሰማው ዓይኔን ጨፍኜም አውቀዋለሁ።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈር ልጆች አስተምራለሁ። ከአሥር ሰው አንዱ ገደማ ግራኝ ነው ይባላል፣ እኔ ጋም በየጊዜው አንድ አይጠፋም። መሣሪያ ከመስጠቴ በፊት ባዶ እጁን እንደ ጊታር ይዞ እንዲመታ እጠይቀዋለሁ። ብዙውን ጊዜ እጁ ራሱ ይነግረኛል። ግራ ከሆነ የምጠይቀው ሁለተኛ ነገር "ጊታሩ የማን ነው?" የሚል ነው። የራሱ ከሆነ ሳይውል ሳያድር ክሩን እናዞራለን። እዚህ ላይ ሳትጠነቀቁ ጊታር ታበላሻላችሁ፦ ጭንቅላቱ ሥር ክሮቹ የሚያልፉባት ጥርስ ያላት ነጭ ቁራጭ አለች፣ ጥርሶቿ እንደ ክሩ ውፍረት የተቆረጡ ናቸው። ሳትቀየር ክር ቢዞር ወፍራሟ ጥርሱ ውስጥ አትገባም፣ ቀጭኗ ደግሞ ሰፊው ጥርስ ውስጥ ትንጣጣለች። እሷን ገልብጦ ወይም አዲስ ሠርቶ መተካት ግድ ነው። ጊታሩ የወንድሙ ወይም የጎረቤት ከሆነ ክሩን አንነካም። ሳይነካ እንዴት እንደሚጫወት አሳየዋለሁ። ይህ አያያዝ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፦ የትም ከተማ፣ የማንም ጊታር አንስተህ መጫወት ትችላለህ። የክሩን ተራ ያዞረ ግራኝ ግን ጊታሩን ካልያዘ እጁ ባዶ ነው። በቀኝ መማር የሚፈልግ ልጅ ካለም በቀኝ ይማራል፣ እኔ አላስገድደውም። ብቻ እሱ ይምረጥ።

ወላጆች ላይ ግን እከራከራለሁ። አንዲት እናት ልጇን ይዛ መጥታ "በቀኙ አስለምድልኝ፣ ኋላ እንዳይቸገር" ብላኝ ነበር። ችግሩን አልካድኩም። የሚሸጠው ጊታር ሁሉ የቀኝ ነው፣ የሚያስተምሩት ቪዲዮዎች የቀኝ ናቸው። ግን ልጁ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ምቱን በግራው ሲይዝ ሰማችው። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችኝም።

በዚህ ሰሞን የያዝኩት ሥራ ዑድ ነው። አሊ ቢራን ያሳደገች ከተማ ላይ ዑድ የሚማር ልጅ ማነሱ ሁልጊዜ ይቆጨኛል። ዑድ ብዙ ጊዜ 11 ክር አለው፤ አምስት ጥንድ ናቸው፣ አንዷ ወፍራም ብቻዋን ናት። ፍሬት የለውም። ጥንድ ጥንዱን ክር እንዳለ ገልብጦ መጫወት ግን ከጊታር ይልቅ ይከብዳል፣ ሪሻውም (መምቻው) በተቃራኒው ይሄድብሃል። ስለዚህ ይሄኛውን ሙሉ በሙሉ ማዞር መረጥኩ። ዑዱን ያገለገለ ሆኖ ነው መጋላ ያገኘሁት። አንድ አናጢ ጓደኛዬ የክር ማሳለፊያውን ከአጥንት አዲስ እየቀረጸልኝ ነው፤ የወፍራሙ ክር ጥርስ ትንሽ ጠብቦበት እንደገና ሊያሰፋው ወስዶታል። ሲያልቅ የምትወስደው ከቅዳሜ ተማሪዎቼ አንዷ ናት። ግራኝ ናት፣ ገንዘቡንም ከአባቷ ጋር በየወሩ እየከፈለች ነው። እስከ ጥምቀት እናደርሳለን ተባብለናል።